ሰማይ ባይታረስም ይነበባል

ጋሼ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ከዚያ ማታ ቤት ገብቼ። የመጀመሪያው ንባብ አናደደኝ። ሁለተኛው አሳሰበኝ። ምክንያቱም ጋሼ ዝም ብለው የሚናገሩ ሰው አይደሉም። ሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የጦሳን ተራራ በክፍላችን መስኮት እያሳዩ ኮንቱር፣ ያ ከፍታን የሚያሳየው የካርታ መስመር፣ ምን እንደሆነ ያስረዱን እሳቸው ናቸው። ስማቸውን አልጠራም።

የጽሑፋቸው ርዕስ «ሰማይ አይታረስ» ነው። ለድሃ አገር የጠፈር ምርምር ቅንጦት ነው ይላሉ። የተላከው ሳተላይት አንድ ጠብታ ዝናብ አላመጣም፤ ገንዘቡ ለተራበ ቢሰጥ ይሻል ነበር። የሳተላይት ምስሉን እንደሆነ ፈረንጆቹ በነፃ ይሰጡናል፣ እኛን ምን አደከመን? ጠፈር የሀብታም ጨዋታ ነው። ላሊበላ አጠገብ ቴሌስኮፕ ይተከል የሚሉም መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኖቹን ያድኑ። ማሳረጊያው ላይ ደግሞ፣ ደጋግሞ በረሃብ የተመታ የወሎ ሰው ስለ ማርስ ሲያወራ መስማት ያሳፍራል ብለዋል።

ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝና ልመልስ። ካጠፋሁ ቀዩ እስክሪብቶ አሁንም እጅዎ ላይ ነው።

ከብሩ ልጀምር፣ እርስዎም ከዚያ ስለጀመሩ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ኩንታል እህል አታክልም። ወጪዋ 8 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ሲሆን 6 ሚሊዮኑን የሸፈነችው ቻይና ነች። አሁን 2008ን ያስታውሱ። በዚያ ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ያስፈልገው ነበር። የተጠየቀው ገንዘብ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ነው። ሳተላይቷን ከነቻይናዋ ድርሻ ሸጠን ብናካፍል ለአንድ ሰው አንድ ዶላር እንኳ አይደርሰውም። ያውም አንዴ፣ ለአንድ ዓመት።

ይህን ያልኩት ትንሽ ብር ነውና ይባክን ለማለት አይደለም። ትንሽ ብርም ከባከነ ባከነ ነው። ግን «ይህ ብር ሕዝቡን ያበላ ነበር» የሚለው ሒሳብ አይሠራም። የሚሠራው ጥያቄ ሌላ ነው፤ በዚህች ትንሽ ብር ቀድመን ምን እንግዛ? እርስዎ ወደዚህ ጥያቄ ሳይደርሱ በሩን ዘጉት።

ወደ ዝናቡ እንምጣ። ሳተላይት ዝናብ አያመጣም፣ እውነት ነው። ቴርሞሜትርም ትኩሳት አያወርድም። እኔ ደጋ ወሎ ውስጥ አንድ ወረዳ ላይ ለጥቂት ዓመታት ዲኤ (የግብርና ልማት ሠራተኛ) ሆኜ ሠርቻለሁ። የደጋውን ነገር እርስዎም ያውቁታል። ገበሬው ዓይኑን የሚጥለው በልግ ላይ ነው። የካቲት ላይ ዘነበ ወይስ አልዘነበም፣ ገብሱ ይዘራ ወይስ ይቆይ፣ ዓመቱን በሙሉ የሚወስነው ይህ ነው። አንድ ዓመት የበልግ ትንበያ በደብዳቤ መጣልን። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ግልባጭ የተደረገላቸው መሥሪያ ቤቶች ዝርዝር አለው። ቀኑን ሳየው ገበሬው ዘርቶ ከጨረሰ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ደብዳቤውን ይዤ ወደ አንድ አባት ዘንድ ሄድኩ። አነበብኩላቸው። «ልጄ፣ ይህን ለገብሱ አንብብለት፣ እሱ ነው መስማት ያለበት» አሉኝ።

ሌላም ልንገርዎ። ጣቢያችን ግቢ ውስጥ የዝናብ መለኪያ ነበር። ቀላል ነገር ነው፤ ቆርቆሮ ሲሊንደርና በሚሊ ሜትር የተሰመረባት ብርጭቆ። አንድ ቀን ብርጭቆዋ ጠፋች። ከወራት በኋላ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ደርሼ ስቀመጥ አረቄ ተቀዳልኝ። በምን? በዚያችው ብርጭቆ። መለኪያ ሄዳ መለኪያ ሆነች። ሳቅኩኝ፣ ግን እስከዛሬ የማስታውሰው ሌላውን ነገር ነው። በእነዚያ ወራት ውስጥ «የዝናቡ ቁጥር የት አለ?» ብሎ የጠየቀን አንድም ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ሳተላይቱ ለገበሬው አልደረሰም ሲሉ ልክ ነዎት። ያልደረሰበት ምክንያት ግን ሰማይ ላይ አይደለም። ከሰማይ ወርዶ፣ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ደሴ ደርሶ፣ ወረዳ ላይ ነው የሚሞተው። ኤልኒኞ የሚባለው ነገር ከእኛ እጅግ ርቆ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ውኃው ሲሞቅ የሚጀምር ነው። ሙቀቱን የሚያዩት ሳተላይቶች ናቸው። የ2008ቱን ድርቅ ያመጣው ኤልኒኞም ገና ሲጠነክር ከላይ ይታይ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ ልምጣ። እዚህ ላይ ለእርስዎ ልከራከርልዎት ነው፣ ምክንያቱም የራስዎን ምርጥ መከራከሪያ ረስተውታል።

በ1966 መረጃ ጠፍቶ ነው ወይ ወሎ ያለቀው? አይደለም። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን መጥተው፣ ዐይተው፣ ፎቶ አንሥተው ተመልሰዋል። በ1977ስ? የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ለለጋሾች የድረሱልን ጥሪ አቅርቦ ነበር። መንግሥት ግን መስከረም 2 የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ለማክበር ሽር ጉድ ላይ ነበር። ዓለም የሰማው ጥቅምት ላይ የቢቢሲ ካሜራ ኮረም ሲደርስ ነው። ኮረም ያኔ ወሎ ነበረች።

ምሳሌውን ሙሉውን ይጥቀሱልኝ ጋሼ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ነው የሚለው። እርስዎ የመጀመሪያውን ግማሽ ይዘው ሁለተኛውን ጣሉት። ወሎን የፈጃት ሁለተኛው ግማሽ ነው።

እንግዲህ ሰሚ ከሌለ ሳተላይት ምን ይፈይዳል ቢሉኝ መልስ ያጥረኝ ነበር። ትንሽ መልስ ግን አለኝ። ላንድሳት የምትባለው የአሜሪካ ሳተላይት መጀመሪያ የተላከችው በ1964 ዓ.ም. ነው። በ1966 የወሎ መሬት ከላይ ሊታይ የሚችል ነበር ማለት ነው። ዓይን ነበረ፤ እኛ ዘንድ የሚያነብ ሰው ነው ያልነበረው። ዛሬ ያው ምስል ደሴ ላይ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ላፕቶፕ ያለው ተማሪ ይከፍተዋል። የቆቦ ሜዳ መስከረም ላይ አረንጓዴ ነው ወይስ ቡናማ? ካለፈው ዓመት ጋር አስተያይቶ ይነግርዎታል። ሹም «ምርቱ ጥሩ ነው» ብሎ ሪፖርት ቢያደርግ ልጁ ምስሉን አውጥቶ ያሳየዋል። ሰሚ ይፈጥራል አላልኩም። «አልሰማሁም» ማለትን ግን ከባድ ያደርጋል።

«በነፃ ይሰጡናል» ያሉት ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ያከራከረኝ ነው። ግማሹን እቀበላለሁ። የላንድሳት ምስል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለማንም ነፃ ነው። የአውሮፓውያኑ ሴንቲኔል 2 በየአምስት ቀኑ እየዞረ፣ 10 ሜትር በ10 ሜትር እየለየ ያነሣል፤ እሱም ነፃ። የእኛዋ የምትለየው 13.7 ሜትር ነበር። አንድ ጥማድ መሬት፣ ሩብ ሄክታር ይሁን፣ በሴንቲኔል 25 የምስል ነጥብ ይሆናል። በእኛዋ 13 ገደማ። ከነፃው የእኛው ይደበዝዛል። የታሰበላት ዕድሜ ደግሞ ሁለት ዓመት ነበር። ስለዚህ «የራሳችን ሳተላይት ስላለን ኮራን» የሚለውን ጭብጨባ እኔም ከእርስዎ ጋር ቆሜ እጠይቀዋለሁ። ሲላክ የነበረው ጭብጨባ ዕድሜዋ ሲያልቅ ወደ ዝምታ ተለወጠ።

ግን ነፃ ነገር ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛው፣ እህል በነፃ ቢሰጥዎት ወፍጮ ይፈልጋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወሎ ምን እንደሚመስል ለእርስዎ አልነግርም። ደሴ ላይ ከፊትዎ ያለው ሰው በጉም አይታይም። ተራው ካሜራ ሳተላይትም አይታየውም፤ ምስሉ ነጭ ጥጥ ነው። ለዚያ ጊዜ ራዳር ያስፈልጋል፣ ደመናን ሰንጥቆ የሚያይ። የራዳር ምስልን ማንበብ ደግሞ ፎቶ እንደ ማየት አይደለም፣ ሙያ ነው። ዝናብን ከሳተላይት የሚገምቱት ካርታዎችም እንዲሁ። ቺርፕስ የተባለው ብዙዎች የሚጠቀሙበት ካርታ አንዷ ሣጥን አምስት ኪሎ ሜትር ናት። ወሎ ላይ አምስት ኪሎ ሜትር ውስጥ ቆላም ደጋም ሊገባ ይችላል። የአምባሰልን ገደል ያስቡት። ግምቱን የሚያርመው መሬት ላይ ያለው የዝናብ መለኪያ ነው። ያቺ አረቄ የቀዱልኝ ብርጭቆ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጣጣ፣ ነፃ ነገር ሰጪው እስከፈለገ ድረስ ነው። ደመና ሰንጥቀው ከሚያዩት ሁለቱ የአውሮፓ ራዳር ሳተላይቶች አንዷ ታኅሣሥ 2014 ተበላሽታ ቀረች። ምትኳ የተላከችው ኅዳር 2017 ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ዓይን ማለት ነው። ይኼ እንኳ ብልሽት ነው፣ አይወቀሱም። ሌላኛው ግን ያማል። በ1977 እኛና ሱዳን ላይ ከደረሰው ረሃብ በኋላ አሜሪካኖች የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቋሙ፤ ፊውስኔት የሚባለው። በእኛ ሬሳ ላይ የቆመ ተቋም ነው ብል አላጋነንኩም። ለአርባ ዓመት ስለ እኛ ዝናብ፣ ስለ እኛ ገበያ፣ ስለ እኛ ረሃብ ሲጽፍ ኖረ። ጥር 2017 ላይ ዋሽንግተን የእርዳታ ብሩን ስታግድ ድረ ገጹ ጠፋ። እንዲሁ አንድ ጠዋት ስንከፍተው የለም። ከወራት በኋላ ተመለሰ፣ እሰየው። በእነዚያ ወራት ግን በልግ ነበር።

እዚህ ላይ የሳተላይቶቹ ምስል አልጠፋም ነበር ጋሼ። ላንድሳትም ሴንቲኔልም ይዞሩ ነበር። የጠፋው አንባቢው ነው። ክርክሬ በሙሉ እዚህ ላይ ያርፋል፤ ገንዘቡ መጀመሪያ የሚገባው ለዓይን ሳይሆን ለአንባቢ ነው። ካርታ ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም? ካርታውን ማን እንደሠራው ሳይሆን እኛ እንዴት እንደምናነበው ነበር የሚጠይቁን።

«የሀብታም ጨዋታ» ላሉት አንድ ምሳሌ ይበቃኛል። አሜሪካ ጨረቃ ላይ ለመውጣት ስትጣደፍ ከፌዴራል በጀቷ ከመቶ ከ4 በላይ ያወጣችበት ዓመት ነበር። እሱን ምሳሌ የሚያደርግ ያበደ ሰው ነው። ህንድን ግን ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1963 የመጀመሪያዋን ሮኬት ያስወነጨፈችው ቱምባ ከሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። መሐንዲሶቹ ቢሮ ያደረጉት የመንደሩን ቤተ ክርስቲያን ነበር። ያኔ ህንድ እህል የምትለምን አገር ነበረች። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1975 ምን አደረገች? የራሷን ትልቅ የመገናኛ ሳተላይት ለመሥራት አልቸኮለችም። ከአሜሪካ አንድ ሳተላይት ለአንድ ዓመት ተዋሰች። 2,400 ያህል መንደሮች ውስጥ ቴሌቪዥን ተከለች። ስለ እርሻ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ አስተላለፈች። ዓይኑን ተዋሰች፣ ተቀባዩን ግን ራሷ ሠራች። ያው አገር እ.ኤ.አ. በ2023 ጨረቃ ደቡብ ዋልታ አጠገብ አረፈች፣ 75 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥታ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉልኝ። እኛ የጀመርነው ከጭብጨባው ነው።

ስለ ላሊበላ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ እኔ ራሴ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ።

እንጦጦ ላይ ሁለት አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ቴሌስኮፖች አሉ። 3.4 ሚሊዮን ዶላር ያህል የወጣባቸው ናቸው። አብዛኛውን የሰጡት ሼህ መሐመድ አል አሙዲ ናቸው፣ ወልዲያ ላይ ስታዲየም ያሠሩት። ችግሩ የአዲስ አበባ መብራት እየሰፋ ሄዶ ሰማዩን ማደብዘዙ ነው። ለዚህ ነው የጠፈር ተመራማሪዎቹ ዓይናቸውን ወደ ላሊበላ ተራሮች የጣሉት። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ፣ ሌሊቱ ጥቁር። ቀይ ቀበሮም አለበት፤ እሱን የረሱት ይመስለኛል፣ እርስዎም ደጋፊዎቹም።

ቴሌስኮፑ ይተከል ብዬ ተከራክሬ ነበር ዱሮ። አሁን ይቆይ እላለሁ። ግን በእርስዎ ምክንያት አይደለም። የዐለት ቤተ ክርስቲያኖቹ ገንዘብና የቴሌስኮፕ ገንዘብ አንድ ኪስ ውስጥ አልነበሩም፣ አይሆኑምም። እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ተብለው ተመዝግበዋል። ከዝናብ እንዲከላከል ተብሎ በላያቸው የቆመውን ብረት ከለላ የከፈለው የአውሮፓ ኅብረት ነው። የላስታ ሰው ከለላው ራሱ እንዳይወድቅባቸው ሰልፍ ወጥቷል። እዚያ የጎደለው ከቴሌስኮፕ የተነጠቀ ብር ሳይሆን ጥገናውን የሚያውቅና የሚከታተል ሰው ነው። እንደገና ያው ነገር።

ቴሌስኮፕ ግን ሊጠብቅ ይችላል፣ ጨለማው አይጠብቅም። መንገድ ሲገባ፣ ሎጅ ሲከፈት፣ ፓውዛ ሲተከል ያ ጥቁር ሌሊት ይሄዳል፤ ከሄደ አይመለስም። ስለዚህ ዛሬ የሚያስፈልገው ሚሊዮን ዶላር አይደለም። ሰማዩን የሚለካ ሰው፣ መብራቱ ወደ ታች እንዲያበራ የሚያዝ ደንብ፣ ከተራራው ገበሬና ከእረኛው ጋር መነጋገር ነው። ርካሽ ነው። ቴሌስኮፑ በልጆቻችን ዘመን ይምጣ።

ደግሞ ጋሼ፣ ሰማይ ማየት ለወሎ መጤ አይደለም። ባሕረ ሐሳብ ቀምሮ ጾሙን የሚያወጣው ካህንና የረመዳንን ጨረቃ ለማየት ተራራ የሚወጣው ሼኽ አንድ ሰፈር ነው ያደጉት። ሰኔ 14 ቀን 2012 ፀሐይ ስትሸፈን ላሊበላ ከቀለበቱ መንገድ ላይ ነበረች። ኮሮና ባይኖር ዓለም ይጎርፍ ነበር። እኔ ደሴ ሆኜ ጉሙ ራራልኝና ከጎረቤቴ ከብየዳ ሠራተኛው በተዋስኩት መስታወት አየኋት፤ ማጭድ መስላ። አጠገቤ የነበሩ እናት «አብሽር፣ ትመለሳለች» አሉኝ። ፈርቼ መስሏቸው ነው።

ማርስን በተመለከተ፣ ማንም አላወራም። እርስዎ ነዎት ያነሷት።

እንግዲህ ብሩ በእጄ ቢሆን ምን አደርግ ነበር? የመጀመሪያውን ለወሎ ወረዳዎች የዝናብ መለኪያ እገዛበታለሁ፤ ለሚያነቡትም ትንሽ አበል። ከዚያ በየዞኑ ሁለት ሦስት ልጆች ራዳርና የዝናብ ካርታ እንዲያነቡ አሠለጥናለሁ፣ ትንበያውም በደብዳቤ ሳይሆን በስልክ ለገበሬው በሦስት ቀን እንዲደርስ። ከጠቅላላው ትንሿን ድርሻ፣ ማንም የማይነካትን፣ ለንጹሕ ሳይንስ እተዋለሁ። እንጦጦ ኮከብ የሚያጠናውና የሳተላይት ምስል የሚያነበው ተማሪ አንድ ማዕከል ውስጥ ነው የተማሩት። አንዱን ጠርበው ሲጥሉ ሌላኛውንም ያቆስሉታል። የራሳችን ቀጣይ ሳተላይት ደግሞ ነፃው ምስል የማይመልሰው ጥያቄ አለን ብለን በጽሑፍ ማሳየት ስንችል ይምጣ። ያኔም ራዳር ይሁን፣ ለክረምቱ።

እርስዎ «አንድም ሳንቲም» ብለው ነው የደመደሙት። በዚህ አንስማማም።

ግን አንድ ነገር ልለምንዎት። ጓሮዎ ሰፊ ነው፣ ዛፍም ሆነ ጣሪያ የማያጠላበት ቦታ አይጠፋም። የዝናብ መለኪያውን ገዝቼ ይዤ እመጣለሁ። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ማንበብና ደብተር ላይ መጻፍ ነው። ብርጭቆዋን ግን ከእንግዳ ይደብቋት።